የሁለት ቤት አያት

ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፺፩ ዓመተ ምሕረት፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ሳለሁ፣ ለልጅ ልጄ ለይበልጣል ሚስት ለመጠየቅ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። አራተኛም ሰው አብሮን ነበር። እርሱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። ስሙ ሙሴ ኤልማር ነው፤ አገሩ ኢስቶኒያ፤ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የይበልጣል ምንጅላት ከሆነ ግን ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ዘመኑ ጥቂት መናገር ግድ ይላል።

ልጅ ሳለሁ የአባቴ እህት ትርንጎ፣ ሊዩ የሚባል ቻይናዊ የመንገድ መሐንዲስ አገባች። ቤተሰቡ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ሟቿ በሕይወት ስለነበረች በሁለተኛው ቀን መጥታ ለለቀስተኛው ውኃ ስታድል አይቻለሁ። ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ውኃውን ግን ሁሉም ጠጣ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ እነዚያው ለቀስተኞች፣ በሕይወት የቀሩት ማለቴ ነው፣ ከሊዩ ጋር ፎቶግራፍ ለመነሣት ደጁ ላይ ተሰለፉ። ሊዩ በዚያን ጊዜ ጆሮው ደክሞ ነበርና ዳግመኛ ሊያለቅሱበት የመጡ መስሎት በሩን ዘጋባቸው።

መካከሉን መቼ እንዳለፍነው አላስተዋልሁም። መጀመሪያ የሌላ አገር ሰው ያገባ ይወገዝ ነበር። ከዚያ ይታለፍ ጀመር፤ ከዚያ ይደነቅ፤ በመጨረሻ ያላገባው ማፈር ጀመረ። “ዘሩ ምንድን ነው?” የሚለው ጥያቄ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም። የተለወጠው መልሱን ሲሰማ ፊቱ የሚጨልመው ሰው ነው።

አሁን በዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ “ስንት ነዎት?” ይባባላል። አንዱ ሦስት ነኝ ይላል፤ ሌላው አምስት ነኝ ይላል። እኔ “አንድ ነኝ” ስል ከፊቴ የቆመችው ሴት ለሕመምተኛ እንደሚደረገው ተራዋን ትለቅልኛለች። ከአንድ ወገን ብቻ የተወለደ ሰው ነጠላ ይባላል። ነጠላ ነጠላን ሲያገባ ሰፈሩ “ሽሮ በሽሮ” ይለዋል። እንዲህ ላለው ሠርግ አዳራሽ የሚገኘው ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። በጥሪ ካርድ ላይ ከሙሽሮቹ ስም ግርጌ የዘራቸው ጥንቅር የሚጻፍበት መስመር አለ። መስመሩ ባዶ ከሆነ እንግዳው ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ከዚያም ይተነፍስና ኪሱ ይከተዋል፤ በዕለቱም እግሩን ያመዋል።

የአክስቴ ባል ሊረዳን አልቻለም። እርሱና ትርንጎ ልጅ አልወለዱም፤ የአክስት ባል ደግሞ በደም አይቆጠርም። ስለዚህ ይበልጣል ነጠላ ነበር። የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ሲስቅ ግን ቤት ይሞላል። የወደዳት ልጅ ዩኪወርቅ ትባላለች። ግማሹ ጃፓንኛ የሆነው ስሟ ብቻውን የአባቷን ሐሳብ ይናገራል። አባቷ አቶ ልሳኑ በኮምቦልቻ የታወቁ የእንጨት ነጋዴ ናቸው። ሴት ልጃቸውን ለነጠላ እንደማይሰጡ በየሠርጉ ቤት ሲናገሩ ተሰምተዋል፤ ሁለት ነጠላ ጠያቂዎችንም ከደጅ መልሰዋል።

“አያቴ” አለኝ ይበልጣል፤ “እሷ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። እሳቸው እምቢ ካሉ አለቀ ማለት ነው።”

“ሌላ ውደድ።”

“እርስዎ ሲወዱ እንዲህ እየቀያየሩ ነበር?”

ወደ ፒያሳ ሄድሁ።

በደሴ ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ “የአያት ቤት” የሚባል ሱቅ አለ። ባለቤቷ ወይዘሮ ቀለሟ የአሮጌ ሰዎችን ፎቶግራፍ ከነታሪካቸው ትሸጣለች። የደም ምርመራ ለጋብቻ ጉዳይ እንዳይውል በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ሰው አቅሙ የፈቀደውን አያት መያዝ ይችላል። አብሮኝ የሄደው አቶ ጉልላት ነበር። ጉልላት ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ያስተላለፈ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ማስተላለፉን አላቆመም።

“ቻይና ልስጥዎት?” አለች ቀለሟ። “የምድር ባቡር መሐንዲስ አለኝ። ኮፍያ ያለውም፣ የሌለውም።”

“ቻይና በዛ” አለ ጉልላት። “በእኛ ሰፈር ብቻ ግማሹ ሰው ከአንድ ካምፕ ነው የተወለደው። መሐንዲሶቹ መንገዱን መቼ እንደ ሠሩት እንጃ።”

“ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ?”

“እርሱን ጎረቤቴ ወስዶታል። ገና ግድግዳው ላይ ከመስቀሉ ሒሳብ ይችል ጀመር።”

ቀለሟ መሰላል ላይ ወጥታ አንድ ፎቶግራፍ አወረደች። ሪዛም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዣንጥላ ተደግፏል። ግራ ዓይኑ ትንሽ ሸወር ያለ ነው፤ የሰደርያው አንድ ቁልፍ የለም።

“ሙሴ ኤልማር። ኢስቶኒያዊ። ታርቱ ከምትባል ከተማ። የፒያኖ ቃኝ ነበሩ።”

“ኢስቶኒያ የት ነው?” አልኋት።

“ጥሩነቱ እሱ ነው፣ ጋሼ። ማንም አያውቀውም። የማያውቀውን ነገር ደግሞ ሰው አይጠይቅም፤ ያፍራላ።”

“ለሌላ ሰው አልሸጥሻቸውም?”

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “ጋሼ ሙት! አያት እንዴት ለሁለት ይሸጣል?”

ቤት ስንደርስ ሰውዬውን በየት በኩል እንደምናስገባው ተማከርን። በእኔ በኩል እንዳይሆን የአባቶቼን ስም ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በሟች ባለቤቴ በእቴነሽ በኩል አስገባነው። የእቴነሽ እናት ብርቄ የሙሴ ኤልማር ልጅ ሆነች። ሁለቱም በሕይወት ስለሌሉ ተቃውሞ አላሰሙም።

ሦስተኛው ሽማግሌ ሐጂ ሙዘይን ይህን ሲሰሙ ጺማቸውን ዳሰሱ። “እኔ አልዋሽም” አሉ። “ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ግን እችልበታለሁ።”

ወደ ኮምቦልቻ በወረድንበት ባቡር ውስጥ የሚናገረው ድምፅ መንገደኛውን በስድስት ቋንቋ ሰላም ይላል። ተሳፋሪውም የገዛ ቋንቋው ሲደርስ ራሱን መነቅነቅ ልማድ ሆኗል። በመጀመሪያው ብቻ የሚነቀንቅ ሰው ወደ መስኮት ያያል። ጉልላት በስድስቱም ይነቀንቃል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት በአክብሮት ቦታ አሰፋችለት።

የአቶ ልሳኑ በር ከመከፈቱ በፊት “ስንት ናችሁ?” ሲል ጠየቀ።

“ሦስት” አሉ ሐጂ፤ እኛን ቆጥረው።

በሩ የጠየቀው የሰዉን ብዛት አልነበረም፤ ሦስት ግን የማያሳፍር ቁጥር ስለሆነ ከፈተልን።

ሳሎኑ ሰፊ ነው። አቶ ልሳኑ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈትለና የአቶ ልሳኑ እናት እማማ ዘርፌ ተቀምጠው ጠበቁን። እማማ ዘርፌ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ዓይናቸው ከሰው ሁሉ የሚፈጥን ሴት ናቸው። ከጀርባቸው ባለው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተጋርዷል። ልጅቱ እንደ ደንቡ ጓዳ ናት። ይበልጣልም እንደ ደንቡ ደሴ ቀርቷል፤ ስልኩን በእጁ ይዞ።

“ተቀመጡ እንጂ” አሉ አቶ ልሳኑ።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አለ ጉልላት፤ ይህም ደንብ ነው። “ወንድ ልጃችን ልጅ እንዲሆናችሁ፣ ሴት ልጃችሁም ልጃችን እንድትሆን ልንለምን መጥተናል።”

“ልጁ ምንድን ነው?”

“የውኃ ፓምፕ…”

“ሥራውን አልጠየቅሁም።”

ጉልላት ጉሮሮውን ጠረገ። አጥቂ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሲገባ እንደሚያደርገው ድምፁን ቀስ እያለ ከፍ አደረገ። “በአባቱ በኩል የዚሁ አገር ልጅ ነው። በአያቱ በወይዘሮ እቴነሽ በኩል ግን፣ በእናቷ በኩል፣ ከሩቅ፣ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ…” ብሎ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ።

ጨርቁን ፈታሁ። ፎቶግራፉን ወደ እነርሱ አዞርሁት።

እማማ ዘርፌ መነጽራቸውን አደረጉ። ወይዘሮ ፈትለ የያዙትን ብርጭቆ ሳያዩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። አቶ ልሳኑ ተነሡ፤ ሄደው የመጋረጃውን ገመድ ሳቡ።

ግድግዳው ላይ ያው ሰው ተቀምጧል። ዣንጥላው፣ ሪዙ፣ የጎደለው ቁልፍ፣ ሁሉም አለ። የእነርሱ ከእኛ በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ጉንጩም ቀላ ተደርጓል።

በዚያች ደቂቃ ያሰብሁትን ሳልደብቅ ልናገር። የተከበረ ቤት አያት ሰርቀን፣ ይዘንባቸው የገባን መሰለኝ። ቀለሟ የእነዚህን ጨዋ ሰዎች ዘመድ ከየት አግኝታ እንደ ሸጠችልን አላውቅም፤ የቤቱ እውነተኛ ልጆች ግን ፊቴ ቆመዋል። የአቶ ልሳኑ ግንባር አልቦት ነበር። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸውም ያሰቡት እኔ ያሰብሁትን እንደ ነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

“ስማቸው?” አሉ በቀጭን ድምፅ።

“ሙሴ ኤልማር።”

“ኢስቶኒያ…”

“ታርቱ ከምትባል ከተማ።”

“የፒያኖ ቃኝ።”

“አዎ፣ ቃኝ።”

ነገሩ እውነት ባይሆን ኖሮ እንዲህ ቃል በቃል ሊገጥም አይችልም ነበር። አንዳችን ሌላውን ሐሰተኛ ነህ ከማለቱ በፊት ሌላው መቅደም ነበረበት፤ ስለዚህ ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን ተቃቀፍን።

“ዘመዶቻችን!” ብለው ወይዘሮ ፈትለ እልልታቸውን አቀለጡት።

ከዚያ የሆነው ለመግለጽ ይከብዳል። ጉልላት አለቀሰ፤ እርሱ በማንኛውም ጊዜ ማልቀስ ይችላል። ሱሺ በአዋዜ ቀረበ፤ የበግ ጥብስም ተከተለ። እማማ ዘርፌ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“ብርቄ ነው ያልከኝ? የሙሴ ኤልማር ልጅ?”

“አዎ፣ እማማ። የባለቤቴ እናት።”

“እኔም እኮ ልጃቸው ነኝ። እህት ነበረችኝ ማለት ነው?” ጣቶቼን ጨበጡ። “እናቴ እኔን ብቻ ነው የወለደችው። ዕድሜዬን ሙሉ ለብቻዬ ነው የተጫወትሁት። ምን ትመስል ነበር?”

አማቴ ብርቄን እወዳት ነበርና የነገርኋቸው እውነቱን ነው። ቁመቷ አጭር ነበር አልኋቸው። ዶሮዎቿን በተቀየመቻቸው ጎረቤቶች ስም ትጠራ ነበር፤ ጎረቤቲቱ ስትታረቃት የዶሮዋን ስም ትለውጣለች፤ ሳይታረቁ ዶሮዋ የታረደች ጊዜ ግን ምሕረት የለም። እማማ ዘርፌ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። በዚያ ቤት በዚያች ሰዓት ከተነገረው ሁሉ ሐሰት ያልነበረበት እርሱ ብቻ ነው።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ጣታቸውን ያጥፉ ጀመር።

“ዩኪ ከአባታችን ሦስተኛ ቤት ናት” አሉ። “ልጃችሁ አራተኛ።” ቀና አሉ። “ሰባት ቤት የት አለ? ወንድሟ ነው እኮ!”

ሰዉ ሁሉ ጉርሻውን እንደ ያዘ ቀረ። ከዘር፣ ከሃይማኖት፣ ከቋንቋ ጋር የተያያዘውን የጋብቻ ሕግ ሁሉ ጥለን፣ ዘመዳሞች ሰባት ቤት ሳይራራቁ አይጋቡም የሚለውን ግን ማንም አልነካውም። ይልቁንም ከረር ብሏል።

“እንግዲህ ምን ይደረጋል” አሉ አቶ ልሳኑ፤ ልባቸው ያረፈ ይመስሉ ነበር። “አማች አጣን፤ ዘመድ አገኘን። ለልጁ የእኛን ፍቅር ንገሩት።”

ጉልላት ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። “ዳምጤ፣ አሸንፈን አሸንፈን ከውድድሩ ወጣን።”

“ለይበልጣል ምን ልንለው ነው?” አልሁት።

ሐጂ ሙዘይን ሳሎን ከገባን ወዲህ መጀመሪያ የተናገሩት ይህን ነው፤ “እህትህ ናት በሉት። እኔ አጠገባችሁ አልኖርም።”

የጓዳው በር ተከፈተ። ዩኪወርቅ ጫማ ሳታደርግ ወጣች። ፊቷ ደርቋል።

“አባዬ፣ እኚህን ሰውዬ ከደሴ ያመጣናቸው መቼ ነው?”

“ሽማግሌ ፊት ዝም በይ።”

“በባቡር የተሸከምኋቸው እኔ ነኝ። ‘አያትሽን ቀስ አድርገሽ ያዢ፣ መስታወታቸው እንዳይሰበር’ ያልከኝ አንተ ነህ።”

“ዩኪ፣ ተይ” አሉ እማማ ዘርፌ።

“እማማ፣ እርስዎም እኮ ‘የማን ልጅ ነኝ ነው ያልሽኝ?’ እያሉ አንድ ወር ሙሉ ጠይቀውኛል። ታርቱን እንዲይዙ ያስጠናሁዎት እኔ ነኝ! አሁን ደግሞ ይበልጣልን ወንድሜ አደረጋችሁት። ከፈለጋችሁ ወንድም ከሱቅ ግዙልኝ፤ እሱን ግን አይደለም።”

አቶ ልሳኑ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰለኝ። ወይዘሮ ፈትለ መጋረጃውን ሊዘጉ ተነሡና መሐል ላይ ተዉት።

የጉልላት ጣት ጭኔን ቆነጠጠኝ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ገባኝ። ከእንግዲህ ዝም ብል ሁሉ ነገር ለእኛ ሆነ። የእነርሱ ሐሰት ከሆነ ዝምድና የለም፤ የእኛ እውነት ከሆነ ይበልጣል የኢስቶኒያ ዘር ነው። ጋብቻውም ይፈቀዳል፤ የቅዳሜ አዳራሽም ይገኛል። ያለ አንዳች ቃል አሸንፈናል።

ነገር ግን አቶ ልሳኑ ራሳቸውን አቀኑ።

“አባቶች” አሉ፤ “ሰምታችኋል። እናንተ የእኚህ ሰው ልጆች ናችሁ፤ እኛ ደግሞ የእናንተን አያት ግድግዳችን ላይ ሰቅለን ዓመት ሙሉ እንግዳ አስጎበኘን። ልጄን በምሕረት ወደ ታላቅ ቤት አላስገባም። የመጀመሪያ ቀን በተጣሉ ጊዜ ‘የቀጣፊ ልጅ’ ትባላለች። ጨርሻለሁ። በመልካም ሂዱልኝ።”

ልጅቱ ወደ እኔ አየች። አልለመነችኝም። ያየችኝ ሰው የሚሄደውን መኪና እንደሚያይ ነው።

“ወይዘሮ ቀለሟ” አልሁ።

“ምን አሉ?”

“ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን። መሰላል ላይ ወጥታ ነው የምታወርደው። ‘አያት እንዴት ለሁለት ይሸጣል’ ብላ ምላልኛለች።”

አቶ ልሳኑ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። “ደረቷን ይዛ?”

“ደረቷን ይዛ።”

“‘ጋሼ ሙት’ ብላ?”

“እንደዚያው ብላ።”

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ድምፅ የላቸውም። ከዚያ ወይዘሮ ፈትለ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ አቶ ልሳኑ፣ ሳይወዱ፣ ማስነጠስ እንዳመለጠው ሰው ሳቁ። ጉልላት ግን አልሳቀም። “ጎል አግብተን ራሳችን ሻርነው” አለ እያዘነ።

እማማ ዘርፌም አልሳቁም።

“ታዲያ ብርቄ የማን ልጅ ናት?”

“የአቶ ማንደፍሮ፣ የኩታበር ሰው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።”

“ለአንዲት ሰዓት እህት ነበረችኝ” አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ዶሮዎቹስ?”

“ዶሮዎቹ እውነት ናቸው።”

“እነሱን አልመልስም እንግዲህ።”

“አይመልሱ።”

አቶ ልሳኑ ሳቃቸው ሲያልቅ የቀረው ነገር ታያቸው። “ስለዚህ ሽሮ በሽሮ ነው” አሉ። “የእኔ የልሳኑ ልጅ! ማክሰኞ ጠዋት ልደግስ?”

“ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ” አለች ዩኪወርቅ።

“ሰው ምን ይላል?”

“ሽሮ በሽሮ ይላል። ከዚያ ይበላል፤ ከዚያ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን የማድረው ከሰው ጋር አይደለም፣ ከይበልጣል ጋር ነው።” ከዚያ ሽማግሌዎች መኖራችንን አስታውሳ አንገቷን ደፋች።

እናቷ “ወይ ጉድ!” አሉ፤ ድምፃቸው ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

የባቡሩ ጡሩንባ ከጣቢያው በኩል ሁለት ጊዜ ተሰማ። በመጨረሻ አቶ ልሳኑ፣ “በውሸት ስንቆጥር ዋልን” አሉ። “አንድ ጊዜ በእውነት ይቆጠር። ከሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ከተራራቁ እሰጣለሁ። ካልተራራቁ፣ አንቺም ቃልሽን ሰጥተሻል፣ ነገሩን ዳግመኛ አታነሺውም።”

“አላነሳውም” አለች።

የእውነት ቆጠራ በዚያ አገር ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ወይዘሮ ፈትለ ለማየት ወንበራቸውን አስጠጉ። የሌሎቹን ወገኖች ሁሉ አስቀድመን ጨረስን፤ አንዱ ከሌላው ጋር የሚነካካ አልተገኘም። የቀረው በእማማ ዘርፌ እውነተኛ አባትና በእኔ በኩል ያለው ነው።

“ከዩኪ ቀጥሎ ልሳኑ። ሁለተኛ እኔ” አሉ እማማ ዘርፌ። “ሦስተኛ አባቴ ታረቀኝ። ፒያኖ አይቶ አያውቅም፤ በቅሎ ነበር የሚነግደው። አራተኛ ይመር። አምስተኛ እንድሪስ።”

“እንድሪስ!” አሉ ሐጂ። “ይኼው፣ ከእኔም ወገን አለባችሁ።”

“ድሮ ማን ይለየን ነበር” አሉ እማማ። “እንድሪስ የዋድላ ሰው ነው።”

እኔም ቆጠርሁ። ልጄ መልካሙ፤ ሁለተኛ እኔ ዳምጠው፤ ሦስተኛ ሽፈራው፤ አራተኛ ገበየሁ። “አምስተኛው እንግዳ” አልሁ፤ “የዋድላ ሰው።”

“አምስተኛው ቤት!” አለ ጉልላት። “ሁለቱም ከዋድላ! ልብ የሚሰቅል ነው፣ ክቡራን አድማጮች…”

“ጉልላት፣ አፍህን ዝጋ” አሉ ሐጂ።

“ስድስተኛው ወሌ” አሉ እማማ ዘርፌ።

“የእኛ ፈንታው” አልሁ። እፎይ የሚል ድምፅ ከዩኪወርቅ ተሰማኝ።

“ሰባተኛው ጓንጉል” አሉ እማማ። “የዋድላው ጓንጉል። አንድ እጁ የማይታዘዝለት፣ ግን በሌላው የሚያርስ ይባላል።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ የአያቶቹን ስም ያስጠናኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የቆሎ ከረጢት በመካከላችን አስቀምጦ ነው። እስከ ስድስት ያሉትን ሰዎች አብሬያቸው የኖርሁ ያህል አውቃቸዋለሁ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ከረጢቱ ባዶ ይሆናል፤ ሐሳቤም ይበተናል። የእጁን ነገር አባቴ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ ወይስ አሁን ከእማማ ዘርፌ መስማቴ ነው? ልጅቱ የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ቆማለች።

“ውብነህ” አልሁ።

“ውብነህ?” አሉ እማማ ዘርፌ።

“ውብነህ።”

ሐጂ ሙዘይን ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ከዚያ ዝም አሉ።

አቶ ልሳኑ ተነሡ። “ተራርቀዋል” አሉ። “ሰጥቻለሁ።” ምርቃቱን ሲጀምሩ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እማማ ዘርፌ ጨረሱላቸው።

በየካቲት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተዳሩ። በካርዱ ላይ የጥንቅሩ መስመር ባዶ ነበር። ከተጠራው ሰው እግሩን ያመመው ብዙ ነው። የመጡት ሁለት ሁለት ጊዜ በሉ። ይበልጣል ሲስቅ የአዳራሹ ጠባቂ ምን ሆነ ብሎ ገብቶ አየ።

ይህን የምጽፈው ሦስት ዓመት አልፎ ነው። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ የያዝሁት በቃል ነው፤ በቃል የተያዘ ደግሞ ይሸራረፋል። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ የሳትሁት ነገር ቢኖር አርሙኝ። የትርንጎ ለቅሶ ሦስት ቀን ሳይሆን ሁለት ይሆናል። የታርቱ ሰዎች ፒያኖ የማይወዱ ከሆነ ይነገረኝ። በዚያን ቀን የቀረበው በግ ሳይሆን ፍየል ነበር የሚል ካለ አልከራከርም፤ ጥርሴ ያን ጊዜም አይለይም ነበር። ሁሉንም በምስጋና እቀበላለሁ። ከዋድላ ወገን ሆኖ የአባቶቼን ስም ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን፣ ሰባተኛው ውብነህ ነው። የለም፣ ሌላ ነው የሚል ቢኖር በጽሑፍ አይላክልኝ፤ ራሱ ይምጣና ለብቻዬ ይንገረኝ። ልጆቹ ሁለት ወልደዋል፤ እሷም ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ናት።